ዋጋው ያልተነገረበት ምርጫ

የጨነቀው ሰው መካሪ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚሻው ማጽናኛ ነው። በሽተኛ ሐኪሙን «እድናለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ «ምን ልተው?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ሐኪሙም ከበሽተኛው ጤና ይልቅ የበሽተኛውን ወዳጅነት የሚፈልግ የሆነ እንደ ሆነ፣ መራራውን ትቶ ጣፋጩን ያቀምሰዋል፤ በሽተኛውም አመስግኖት ይሄዳል። ይህ በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ከአንድ ቤት አያልፍም። በአንድ ታላቅ ሕዝብ ላይ፣ ያውም መሪውን በሚመርጥበት ወራት የደረሰ እንደ ሆነ ግን መዘዙ ገና ላልተወለዱት ሳይቀር ይተርፋል።

ይህን የምለው በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ በማሰብ ነው። (ለአንባቢ እንዲቀል ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።) ስለዚህ ምርጫና በዚያው ወራት ስለ ደረሰው የገንዘብ ውድቀት ከወጣቶች ጋር በተነጋገርሁ ቍጥር የምሰማው ፍርድ አንድ ዐይነት ነው፤ ሀብታሞቹ ሰረቁ፣ ፖለቲከኞቹ ዋሹ፣ ሕዝቡ ተታለለ ይላሉ። ስለ ሀብታሞቹና ስለ ፖለቲከኞቹ የሚሉት ብዙ እውነት አለበት። ስለ ሕዝቡ የሚሉት ግን ግማሽ እውነት ነው፤ እኔም የምከራከረው ከዚህ ከግማሹ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ዕዳው እንዴት እንደ ተከመረ እንመልከት። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ የቤት ዋጋ ሳያቋርጥ ስለ ጨመረ፣ ቤት መግዛት ፈጽሞ እንደማያከስር ንግድ ተቈጠረ። አበዳሪዎችም የተበዳሪውን ደመወዝ በቅጡ ሳይመረምሩ ለብዙዎች ያበድሩ ጀመር። የብዙዎቹ ብድር ወለድ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ይዘላል። ታዲያ አበዳሪው እንዴት አልፈራም? ቢሉ፣ ዕዳውን እርሱ ዘንድ አያስቀምጠውምና ነው። የሺህ ሰዎችን ዕዳ በአንድ ጥቅል አስሮ ለዋል ስትሪት ባንኮች ይሸጠዋል፤ ባንኮቹም ቈራርጠው ለዓለም ሁሉ ይሸጡታል። የወረቀቱን ደረጃ የሚመድቡት ኩባንያዎች ደግሞ ክፍያቸውን ከሻጩ እየተቀበሉ ከሁሉ የበለጠውን ማዕርግ ይሰጡታል። ምስክሩን የሚቀልበው ተከሳሹ ነበር ማለት ነው።

በእኛ አገር እቁብ የገባ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም። የእቁብ ዳኛ ዕጣው ቀድሞ የደረሰውን ሰው ዋስ ሳያስጠራ ገንዘቡን አይሰጠውም። በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚጣል፣ እስከ መቼ እንደሚጣል፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉ ያውቀዋል። ፊደል ያልቈጠረ የመርካቶ ነጋዴ የሚጠይቀውን የዋስ ጥያቄ፣ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡት የዋል ስትሪት ሊቃውንት ሳይጠይቁት ቀሩ።

ይሁን እንጂ ብድሩን የወሰደ ሰው ነበረ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ውል ሳይገባው የፈረመውን ድኻ አልወቅሰውም፤ እርሱ በእርግጥ ተታሏል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱና የመኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ቤት የገዙት በዚያው ዘመን ነበርና፣ ከእነርሱም መካከል ቤቱን ባንክ የወሰደበት አለ። ነገር ግን ቤቱ በወረቀት ላይ ዋጋው ስለ ጨመረ ብቻ ሁለተኛ ብድር እየተበደረ አዲስ መኪና የገዛው፣ ሊኖርበት ሳይሆን ነገ አትርፎ ሊሸጠው ሦስተኛ ቤት የገዛው ሰውስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ወተቱን አስቀድሞ መጠጣቱ ነው። እንዲህ ያሉት ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ በምርጫውም ቀን እንደ ማናቸውም ዜጋ ድምፅ ነበራቸው። ሁለቱ እጩዎች ይህን ያውቁ ነበር።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 2001፣ እንኳን አደረሳችሁ ገና ስንባባል፣ በ1850 የተቋቋመው ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ 639 ቢሊዮን ዶላር ንብረት በመዝገቡ ላይ እያለ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ሜሪል ሊንች የሚባለው ሌላው ታላቅ ድርጅት እንዳይወድቅ ራሱን ለባንክ ኦፍ አሜሪካ ሸጠ። በማግሥቱም ኤ.አይ.ጂ. የተባለውን የመድን ኩባንያ ለማዳን 85 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ምርጫው ሊደረግ የቀረው ሰባት ሳምንት ብቻ ነበር።

ያን ዕለት የሪፐብሊካን እጩ ሴናተር ጆን ማኬይን በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ ጊዜው ከባድ መሆኑን ቢናገሩም የኤኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ወዲያው ዘመቱባቸው። ማኬይን ግን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነገሩን ሲያብራሩ፣ መሠረት ያልሁት የአሜሪካን ሠራተኛ ነው አሉ። ጋዜጦቹ ሁሉ የያዙት የመጀመሪያውን ቃል ነበር፤ ለእኔ ግን የባሰው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የሚያርሙት ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንም ሊከራከረው የማይደፍር ሽንገላ ነው። መሠረቱ አንተ ነህ፣ አንተም ጠንካራ ነህ የተባለ ሰው «የለም፣ እኔ ዕዳ አለብኝ» ብሎ እንዴት ይመልሳል?

ቀደም ሲል በጁላይ ወር የማኬይን የኤኮኖሚ አማካሪ የነበሩት ፊል ግራም ውድቀቱ በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ያለ ነው፣ ሕዝቡም አልቃሻ ሆኗል ብለው ከቦታቸው ለመልቀቅ ተገደው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሳይሸነግል እውነቱን ተናገረ የሚል ወጣት እንዳይኖር እሰጋለሁ። ስድብ እውነት መናገር አይደለም። ግራም በ1999 በባንኮች መካከል የነበረውን የ1933 ዓ.ም. አጥር ካፈረሰው ሕግ ዋና አርቃቂዎች አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ የሚያለቅሰውን ከመስደባቸው በፊት የገዛ እጃቸውን ሥራ መመርመር ይገባቸው ነበር። ያን ሕግ ፈርመው ያጸደቁት ደግሞ ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ናቸው፤ አጥሩ እንዲፈርስ ከደገፉት አንዱ የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትራቸው ሮበርት ሩቢንም በኋላ ከባራክ ኦባማ መካሪዎች መካከል ተቈጠሩ። የኦባማ ወገኖች በመድረክ ላይ ይህን ሳያነሡ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ወገን ጫኑት።

በኦባማ መመረጥ ደስ ያላለው አፍሪካዊ ጥቂት ነው፤ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ዴሞክራት ያልመረጠችው ቨርጂኒያ ስትመርጣቸው በሰሜኑ ክፍል የሚኖሩት ወገኖቻችንም ድምፅ ነበረበት። ደስታ ግን የፍርድን ሥራ አይሠራም።

ወደ ነገሩ እንመለስ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ፖልሰን የከሰረውን የዕዳ ወረቀት ከባንኮች የሚገዙበት 700 ቢሊዮን ዶላር እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ጥያቄው የተጻፈበት ወረቀት ሦስት ገጽ ብቻ ነበረ፤ ሚኒስትሩ የሚወስኑትንም ማናቸውም ፍርድ ቤት ሊመረምረው አይችልም የሚል ቃል ነበረበት። ሕዝቡ ተቈጣ፤ የእንደራሴዎቹም ስልክ ሌሊትና ቀን ይጮኽ ጀመር። ሴፕቴምበር 29 ቀን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ረቂቁን በ228 ድምፅ ተቃውሞ በ205 ድምፅ ድጋፍ ጣለው። በዚያው ዕለት የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ 777 ነጥብ ወደቀ፤ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር የሚበልጥ ዋጋ በአንድ ቀን ጠፋ። ትናንት «አንዲት ሳንቲም አትስጧቸው» ሲሉ ከነበሩት ብዙዎቹ የጡረታ ገንዘባቸው በዚያው ገበያ ውስጥ እንደ ነበረ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ74 ለ25፣ ኦክቶበር 3 ቀንም የሕግ መምሪያው በ263 ለ171 አሳለፉት። ሦስት ገጽ የነበረው ረቂቅ ከ400 ገጽ በላይ ሆኖ ነበር፤ የእንደራሴዎችን ድምፅ ለመግዛት ከገቡት ነገሮች አንዱ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን የእንጨት ፍላጻ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን የሚያዝ አንቀጽ ነው። ይህን ስጽፍ የቀለድሁ የሚመስለው አንባቢ ሕጉን ፈልጎ ያንብብ።

አሁን የሚከተለውን አስተውሉ። ማኬይንና ኦባማ ሁለቱም ሴናተሮች ነበሩና ኦክቶበር 1 ቀን ድምፅ ሰጡ፤ ሁለቱም ደገፉት። ከምርጫው ሁሉ ታላቅ በሆነው በዚያ ጉዳይ ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። እንግዲህ ያ ሁሉ የክረምትና የመጸው ክርክር፣ ያ ሁሉ በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር የወጣበት ቅስቀሳ ስለ ምን ነበር? ሕዝቡ ስለ ሰዎቹ ጠባይ፣ ስለ ዕድሜያቸው፣ ስለ ምክትሎቻቸው ሲከራከር፣ የዕዳው ነገር ሁለቱም በተስማሙበት መንገድ አለፈ። መስማማታቸው አይደለም የሚያሳዝነው፤ ምናልባት ትክክል ነበሩ። የሚያሳዝነው የተስማሙበትን ነገር ዋጋውን ለመራጩ አለመናገራቸው ነው።

አልተጠየቁም እንዳይባል ተጠይቀዋል። ሴፕቴምበር 26 ቀን በሚሲሲፒ በተደረገው የመጀመሪያ ክርክር፣ ጠያቂው ጋዜጠኛ ጂም ሌረር ይህን ያህል ገንዘብ ከወጣ እናንተ ካሰባችሁት ሥራ የትኛውን ትተዋላችሁ? ብሎ ጠየቃቸው። ኦባማ አንዳንድ ነገር ሊዘገይ ይችላል ብለው፣ ወዲያው የማይተዉትን መቍጠር ጀመሩ። ማኬይን የመንግሥት ወጪ መቀነስ አለበት ብለው ስለ ብክነት አወሩ። ጋዜጠኛው መልስ እንዳላገኘ አይቶ ደግሞ ጠየቀ፤ ማኬይን ከመከላከያና ከጥቂት ነገር በቀር ወጪው ሁሉ ባለበት ይቁም አሉ፤ ኦባማ ይህ ጠቃሚውንም ይጐዳል ብለው ነቀፉ፤ የራሳቸውን ግን አልነገሩም። ኦክቶበር 7 ቀን በናሽቪል በተደረገው ሁለተኛ ክርክር ደግሞ ይህንኑ የጠየቀች ተራ ዜጋ ናት፤ በዓለም ጦርነት ጊዜ አባቶቻችን መሥዋዕት ከፈሉ፤ ከዚህ መከራ እንድንወጣ ከእያንዳንዳችን የምትጠይቁት መሥዋዕት ምንድን ነው? የሚል ጥያቄ ላከች። ኦባማ ከ2001 ዓ.ም. የሽብር አደጋ በኋላ ፕሬዚዳንት ቡሽ ሕዝቡን ወደ ገበያ ሂዱ ማለታቸውን ነቅፈው፣ ነዳጅ ስለ መቈጠብና ስለ ወጣቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተናገሩ። ማኬይን የማይረቡ የመንግሥት ፕሮግራሞችን ስለ መሰረዝ ተናገሩ፤ በዚያችው ምሽት ግን የቤት ዕዳ የሚገዛበት ታላቅ ዕቅድ አወጡ፤ እርሱም 300 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ነበር። ኦባማ በበኩላቸው ከመቶ 95 ለሚሆነው ሠራተኛ ቤተ ሰብ ግብር እንደሚቀንሱ በየመድረኩ ይናገሩ ነበር። ግምጃ ቤቱ በተቃጠለበት ሰዓት ሁለቱም ለሕዝቡ ስጦታ ተሸክመው መጡ።

ያቺ ጠያቂ ሴት ከሁለቱም የበለጠች ነበረች ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከዚያ ምሽት በኋላ «ጥያቄዋን መልሱላት» ብሎ የጮኸ ሕዝብ አልታየም። ይልቁንም በሳምንቱ የአገሩ ወሬ ሁሉ፣ ግብሬ ይጨምራል ወይ? ብሎ ኦባማን በመንገድ ላይ ስለ ጠየቀ የኦሃዮ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። በሦስተኛውም ክርክር ስሙ እየደጋገመ ተጠራ። «ምን ልስጥ?» ያለችው ተረሳች፤ «ከእኔ እንዳትወስዱ» ያለው ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ወጣት እንዲህ ይለኛል፤ ዋጋውን የሚናገር እጩ ይሸነፋል። በ1984 ዓ.ም. ዋልተር ሞንዴል ግብር እጨምራለሁ ብለው በግልጥ ተናግረው ከ50ው ክፍላተ አገር 49ኙን አጡ። ይልቁንም በ1932 ዓ.ም. ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፒትስበርግ ከተማ የመንግሥቱን ወጪ ከመቶ 25 እቀንሳለሁ ብለው ተመረጡና፣ ከተመረጡ በኋላ ተቃራኒውን አድርገው አገራቸውን አዳኑ። ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ፒትስበርግ ሲሄዱ ስለዚያ ተስፋ ምን ልበል? ብለው ቢጠይቁ፣ አማካሪያቸው «ከዚህ በፊት ፒትስበርግ ሄጄ አላውቅም ይበሉ» አላቸው ይባላል። ታዲያ ሽንገላው ጠቀመ እንጂ ምን ጐዳ?

የጐዳውን እነግራችኋለሁ። ሩዝቬልት የተመረጡት በኖቬምበር 1932 ሲሆን ሥልጣን የያዙት ማርች 4 ቀን 1933 ነው። በእነዚያ አራት ወራት አዲሱ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያወቀ አልነበረም፤ በምርጫው ጊዜ አልተናገሩትምና። ፕሬዚዳንት ሁቨር በፌብሩዋሪ ወር ደብዳቤ ጽፈው፣ ወጪና ገቢውን እንደሚያስተካክሉ፣ የገንዘቡንም ዋጋ እንደሚጠብቁ ቃል እንዲሰጡ ለመኗቸው። በእርግጥ ሁቨር የፈለጉት የሩዝቬልትን እጅ ለማሰር ጭምር ነው፤ ስለዚህ ሩዝቬልት እሺ አላሉም። ነገር ግን የተለመኑት በቅስቀሳቸው ጊዜ ራሳቸው ለሕዝብ ተስፋ የሰጡትን ነገር እንዲደግሙ ነበር። ሕዝቡም ፈራ፤ ገንዘቡንና ወርቁን ከባንክ ያወጣ ጀመር። በፌብሩዋሪ 14 ቀን የሚሺጋን ክፍለ አገር ባንኮቹን ሁሉ ዘጋች፤ ሩዝቬልት ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ባንክ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ወጪው ተወስኗል። የድኻው ቍጠባ በእነዚያ ወራት ጠፋ። ይህ የሽንገላው ሒሳብ ነው፤ በጐበዙ መሪ ሥራ ተሸፍኖ እንጂ ተከፍሏል።

ደግሞስ አገሪቱን ያዳናት ሽንገላው ነው ወይ? ማርች 12 ቀን፣ እሑድ ማታ፣ ሩዝቬልት በራዲዮ ቀርበው ለሕዝቡ ባንክ ምን እንደ ሆነ አስረዱት። ያስቀመጣችሁት ገንዘብ በሣጥን ተቈልፎ አይቀመጥም፤ ለሌላ ይበደራል፤ ስለዚህ ሁላችሁ በአንድ ቀን ብትጠይቁ ጤነኛም ባንክ ሊከፍላችሁ አይችልም አሏቸው። ሁሉም ባንክ እንደማይከፈት፣ የሚከስርም ሰው እንደሚኖር አልደበቁም። በማግሥቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ ሰዉ ገንዘቡን ሊመልስ ተሰለፈ። ያ ሕዝብ ሥራ አጥቶ፣ ተርቦ፣ ከዳር እስከ ዳር ተደናግጦ ሳለ መራራውን ነገር ሰምቶ ቻለው። ሕዝብ እውነትን አይችልም የሚሉ የፖለቲካ ሊቃውንት ይህችን አንዲት ሌሊት ቢያጠኑ መልካም ነበር። በእርግጥ ሩዝቬልት ያን የተናገሩት ከተመረጡ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በማርች የቻለው ሕዝብ በኖቬምበር አይችልም ነበር ያለው ማን ነው? ሳይሞክሩት የፈሩት እጩዎች ናቸው፤ ሳይነግሩት የቀሩትን የመረጠውም ሕዝቡ ራሱ ነው። ሞንዴልንም ያሸነፋቸው እውነቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዓመት አገሩ ጠግቦ ነበር፤ የጠገበን ሰው ማስጾም ከተራበው ይልቅ ያስቸግራል።

ኖቬምበር 4 ቀን 2008 ኦባማ በ365 የመራጮች ድምፅ በ173 አሸነፉ። በዚያ ዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤቶች ላይ በዕዳ የመውሰድ ክስ ተጀምሮ ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙ በወሩ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2009፣ ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን የሚደርሱ ባለ ዕዳዎች ቤታቸውን እንዳያጡ የሚረዳ የ75 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ በአሪዞና አስታወቁ። ለባንኮቹ ከተሰጠው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በማግሥቱ አንድ የቴሌቪዥን ዘጋቢ በቺካጎ የንግድ ገበያ አዳራሽ ቆሞ፣ ዕዳውን መክፈል ያቃተውን የጎረቤቱን የቤት ዕዳ ሊከፍል የሚወድ ማን ነው? ብሎ በዙሪያው ያሉትን ነጋዴዎች ጠየቀ። «የለም!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ታላቅ የተቃውሞ እንቅስቃሴ ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. ምርጫ የኦባማ ወገን በሕግ መምሪያው ምክር ቤት 63 መቀመጫ አጣ። ያ ዕቅድም ከታሰበው እጅግ ላነሱ ሰዎች ብቻ ደረሰ። ዘጋቢው የጠየቀው ጥያቄ በናሽቪል የተጠየቀው ያው ጥያቄ ነበር፤ በኦክቶበር ግን የጠየቀችው በትሕትና ነበረች፣ መልስ የሚሰጡትም ሁለቱም በመድረኩ ላይ ነበሩ።